ጭነት ማውረጃ፦ ስም የማይጠራበት ሰፈር

ከአዲስ አበባ

ወደ ቡሬ የሄድኩት ተናድጄ ነው፤ የተመለስኩትም ተናድጄ ነው። የምጽፈው በሁለቱ ንዴት መካከል ያየሁትን ነው።

ቡሬ ከተማ መሐል፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጭነት ማውረጃ የሚባል ሰፈር አለ። ከአንዱ ጫፍ ቢጣሩ ከሌላው ጫፍ «አቤት» ይባላል፤ ትንሽነቱ እንዲያ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያደግሁት እዚያ፣ በአክስቴ በወይዘሮ ትብለጥ ቤት ነው። ከፍ ስል አዲስ አበባ ገባሁና መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ የግንቦት ጠዋት፣ የቡሬ በርበሬ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ከስፌት መኪናዬ ፊት መጥቶ ቆመ።

«አክስትህን አሰሯቸው» አለኝ።

«በምን ምክንያት?»

«እህል ደብቀዋል ብለው። ሦስት ጆንያ ጤፍ ቤታቸው ተገኘ። የማን ነው ቢሏቸው አልናገርም አሉ።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ገና ሳልጠይቅ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። አክስቴ የራሳቸው ቢሆን የራሴ ነው ይሉ ነበር። ጆንያው አደራ ነው ማለት ነው። አደራ ከሆነ ደግሞ ቢገድሏቸውም የባለቤቱን ስም አይጠሩም። እንግዲህ ሥራዬ አንድ ነው አልኩ፤ ሄጄ አክስቴን ማናገር፣ ካልሆነም ባለቤቱን ፈልጌ እኔው ስሙን መጥራት።

ያኔ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የእኛ ቀበሌ ጸሐፊ ወረቀቱን ለመጻፍ ሲያመላልሰኝ ከረመ።

«የጉዞው ምክንያት?»

«አክስቴ ታመውብኝ።»

«ምናቸውን?»

«ምላሳቸው ተሳስሮ» ልለው ነበር፤ «ሆዳቸውን» አልኩት።

ዓባይን ተሻግሮ

አውቶቡሱ ከአውቶቡስ ተራ ሳይነጋ ተነሳ። ፍቼ ላይ ሻይና ዳቦ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ደግሞ መስኮት ለመስኮት የተቀቀለ እንቁላል ገዝተን በላን። ከዚያ የዓባይ ሸለቆ ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ የፍሬኑ ሽታ ከታች ይመጣል፣ ሕፃናት ያስመልሳሉ። ደጀን ስንደርስ ኬላ ነበር። ውረዱ ተባልን። ከአንዲት እናት ዘንቢል ውስጥ ለአራስ ልጃቸው መጠየቂያ የያዙትን ሁለት ኪሎ ቡና አግኝተው ወረሱት። ሴትዮዋ ባዶውን ዘንቢል ታቅፈው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ደብረ ማርቆስ እስክንገባ ከእቅፋቸው አላወረዱትም።

አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪ፣ «ሕግ ሕግ ነው፤ አለመያዝ ነበር» አለ። የአክስቴን ጉዳይ አጫውቼው ስለነበር፣ «የእርስዎም አክስት ቢሆኑ ይናገሩና ይገላገሉ እንጂ!» ብሎ ጨመረበት። እኔም ልላቸው የተነሳሁት ይህንኑ ነበር። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው ሁለት ብር ነው፤ ቁንጫው በነፃ።

ፍኖተ ሰላም

በማግስቱ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ረፋዱ ላይ ፍኖተ ሰላም ገባን። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ረጥቧል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው ጠምዷል፣ በየጓሮው የበርበሬ መደብ ተዘጋጅቷል። የአውራጃው ቢሮ እዚያ ስለነበር ቡሬን ሳልረግጥ ወረድኩ። ከቀበሌው ይልቅ የበላዩን ማነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

ሰው በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደረሰ። የገባሁበት ሹም ጨዋ ሰው ነው፤ ተቀመጥ አለኝ፣ አቋረጠኝም አልልም። ጨርሼ ስበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጓድ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የጤፉን ባለቤት ስም ይጥሩ፣ ወዲያው ይለቀቃሉ። አሮጊት አስሮ የሚያስደስተው የለም።»

«ባለቤቱስ?»

«እሱ የእኛ ጉዳይ ነው።»

ወጥቼ ከመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ምግብ ቤት ገባሁ። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ አንድ ማንጎ፤ ሁሉም ተደምሮ ብር አይሞላም። የቤቱ ባለቤት ከየት ወዴት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ጭነት ማውረጃ ስላቸው እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አነሱ።

«ከዚያ ነህ? እኛም አባቴ ሲሞት አስቀምጦት የነበረውን የቡና ጭነት እዚያ ሰፈር ከአንዲት ሴት ቤት ነው ያወጣነው። ዓመት አልፎት። ቋጠሮው እንኳ አልተነካም ነበር» አሉ። የማንጎውንም ሒሳብ አልቀበልም ብለው መለሱልኝ።

ጭነት ማውረጃ

ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ለመድረስ ከዚያ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ሰፈሩን ላስተዋውቅ፤ ካላወቃችሁት የአክስቴ ዝምታ ግትርነት ብቻ ይመስላችኋል።

መኪና መንገድ ሳይመጣ በፊት፣ ከዓባይ ማዶ ከወለጋና ከጉድሩ ቡና የጫኑ ነጋዴዎች፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው የጫኑ፣ ቡሬ ላይ ይገናኛሉ። በቅሎና አህያው የሚራገፈው እዚህ ሰፈር ነበር። ለዚህ ነው ግቢዎቹ ከቤቶቹ የሚሰፉት፤ ለዚህ ነው በየአጥሩ ዳር ከብት የሚታሰርበት እንጨት ዛሬም ተተክሎ የቀረው። አማርኛ፣ አገውኛና ኦሮምኛ በአንድ አጥር ሥር ይነገር ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ነጋዴ በየደንበኛው ቤት ያድራል፤ ለእስላሙ የሚበላበት ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥለታል። የከተማው ጨዋ ነኝ ባይ ግን ሰፈሩን «የአጋሰስ ፋንድያ» ይለው ነበር። ትምህርት ቤት ይሰድቡኝ የነበረው በዚህ ነው።

ጭነቱ ያልተሸጠለት ወይም በቅሎው ጀርባው ተገጥቦ የቆሰለበት ነጋዴ፣ ዕቃውን ለቤቱ እመቤት ትቶ ይሄዳል። ባለቤቱ በራሱ እጅ ያስረዋል፣ በራሱ እጅ ይፈታዋል። እመቤቲቱ ውስጡ ምን እንዳለ አትጠይቅም፣ የማን እንደሆነ ለማንም አትናገርም። ይህ ለወግ ብቻ የተደረገ አይደለም። ወንበዴ ገበያ መሐል ተቀምጦ ማን ምን እንዳስቀመጠ ካወቀ፣ ነጋዴውን ዓባይ በረሃ ላይ ጠብቆ ይገድለዋል። ስም መጥራት ሰው መግደል ነበር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን ተረት እዚያ ሰፈር ልጅ የሚማረው ሳይራመድ ነው። ቤት ቢቃጠል ወይም ዘራፊ ቢመጣ ደግሞ የጠፋውን አደራ ሰፈሩ በሙሉ አዋጥቶ ይሞላል ይባል ነበር። በእኔ ዕድሜ ግን ሲሞላ አላየሁም።

መኪናው መጣ፣ በቅሎዎቹ ቀሩ፣ አደራው ግን አልቀረም። የገበያ ቀን እህሉ ያልተሸጠለት ገበሬ ጭነት ማውረጃ ጥሎት ይሄዳል። ደርግ መጥቶ «እህል የደበቀ አሻጥረኛ ነው» ሲል፣ በሰፈሩ የሰው እህል የሌለበት ቤት አልነበረም። አብዛኛው ሰው በሰሞኑ ለየባለቤቱ መለሰ። የአክስቴ አደራ ብቻ ተያዘ።

እስር ቤቱን ሳይ ንዴቴ እጥፍ ሆነ። የሰፈሩ ትልቁ ግቢ፣ ድሮ የነጋዴ ጭነት የሚከማችበት ረጅም ቤት፣ በትርፍ ቤት አዋጅ ተወርሶ ቀበሌ ሆኗል። አክስቴን ያሰሩበት ክፍል ጎተራው ነው።

አክስቴ አፈር ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስስም ራሴን ዳበሱኝ።

«ምነው ከሳህ ልጄ? ያ ከተማ አያበላህምሳ?»

«እርስዎ ታስረው እኔ እወፍራለሁ? ስሙን ይንገሯቸውና ይውጡ እንጂ!»

«የማንን ስም?»

«የባለቤቱን ነዋ!»

«እኔ ምኑን አውቄ» አሉና ስለ መርካቶ ኑሮዬ ይጠይቁኝ ጀመር። ዘበኛው በር ላይ ቆሟል። ብጮህም፣ ብለምንም፣ ወደ ሌላ ወሬ ይወስዱኛል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ቢሮ ገባሁ። ባዕድ መስሏችሁ ይሆናል። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ በችግር ዘመን እናቱ ጠላ ስትጠምቅ እሱ የሚያድረው ከእኔ ጋር፣ በአክስቴ ቤት፣ ከጆንያዎቹ አጠገብ ነበር። አደራው ከየትኛው መደብ ጀርባ እንደሚቀመጥ ለፈታሾቹ ማንም አልጠቆማቸውም፤ ራሱ ሄዶ ነው የገለጠው።

«ስም ትጥራና ትውጣ» አለኝ፤ አክስቴን እሷ እያለ።

«እንደማይጠሩ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቃለህ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። እኔም ያየውን አየሁ። የአክስቴ ቤት ከአስፋልቱ ጥግ ነው፤ ለቀበሌው ሱቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤት ይወረሳል። እንግዲህ ይህ ሰው የሚፈልገው ስም አይደለም፤ ዝምታቸውን ነው። ያጎረሰውን እጅ እንዴት እንደሚነክስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠና ይመስል! ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ዘበኞቹ ገፍትረው አስወጡኝ።

ምሳ የምታመጣው ሴት

በማግስቱ ለአክስቴ ምሳ ይዤ ስሄድ ሌላ ሰው ቀድሞኛል። አንዲት የገጠር ሴት እንጀራ በመሶብ አቅርባ ወጣች። ዘመዳችን አይደለችም። ዘበኛውን ጠየቅሁት፤ «ከገጠር እየመጣች ታመላልሳለች፤ የክርስትና ልጃቸው ናት መሰለኝ» አለኝ። ሮጬ ከገበያው ዳር ደረስኩባት።

«ጤፉ የአንቺ ነው» አልኳት። ክንዷን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ስታየው ነው። ለቀቅኋት።

አልካደችም። «የእኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት ጌታዬ» አለች። «የስምንት ቤት ዘር ነው። የመንግሥት እህል ኮታ ሲጎድልባቸው ለዘር ያስቀመጥነውንም ጠርገው እየወሰዱብን፣ ወደ እማማ አመጣነው። ባሌን ለዘመቻ ወስደውታል። እኔን ቢያስሩኝ ልጆቼን ማን ያያል? እኔስ ሄጄ ልናገር ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ናቸው በጊዮርጊስ ያስማሉኝ።»

«እሳቸው ቤታቸውን ሊነጠቁ ነው!»

«አውቃለሁ» አለችና አለቀሰች።

ንዴቴ መሄጃ አጣ። የቀበሌው ቢሮ ከቆምንበት ይታያል። ገብቼ ስሟን ብጠራ አክስቴ ማታውኑ ቤታቸው ያድራሉ። ልጆቿ ደግሞ ያለ ሰው ይቀራሉ፤ ስምንቱም ቤት አሻጥረኛ ይባላል። በመጨረሻ፣ «ሂጂ፣ ከዚህ በኋላ አንቺ አትምጪ፤ ምሳውን እኔ አደርሳለሁ» አልኳት። ደግ ሆኜ አይደለም። ስሟን ብጠራ አክስቴ ዳግም ዓይኔን እንደማያዩ አውቄ ነው።

ወደ ሰፈሩ ተመልሼ ግን ቁጣዬን ለቀቅሁት። የዕድሩ ዳኛ አያ ስማቸው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በቅሎ ነጂ ነበሩ። ከደጃቸው ከሽማግሌዎች ጋር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«አክስቴ ጎተራ ውስጥ ታስረው እናንተ ፀሐይ ትሞቃላችሁ? ይህ ሁሉ ሱሪ የታጠቀ ሰው አንዲት ሴት ማስፈታት አቃተው?» አልኳቸው።

ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አያ ስማቸው፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ ቁመህ አትናገር» አሉኝ። አልቀመጥም ብዬ ሄድኩ።

ሰልፍ

ከሁለት ቀን በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ውሳኔው ተነበበ፦ ጤፉ ተወርሶ በኅብረት ሱቅ ለሰፊው ሕዝብ እንዲሸጥ፣ ቤቱም ለሱቁ እንዲሆን፣ ወይዘሮ ትብለጥ በዕድሜያቸው ምሕረት ተደርጎላቸው እንዲለቀቁ። አጨብጭቡ ተባልን። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ከጎተራው ወጡ፤ ቤታቸው በር ላይ ሌላ ቁልፍ ተሰቅሎ አገኙት። አያ ስማቸው ከኋላቸው ሄደው፣ «ከእኛ ጓዳ ይግቡ፣ እመቤቴ» አሏቸው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ ሞት እንደሚያረዱ ሁሉ ቀስ ብለው፣ «የትብለጥ ቤት አደራ ተቃጥሏል» አሉ።

እኔ የገባኝ በማግስቱ ጠዋት ነው። ሱቁ ሲከፈት የጭነት ማውረጃ ሰው ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል። ያ ጊዜ በኮታ ካርድ ነው የሚሸመተው፤ ለአንድ ካርድ ጥቂት ኪሎ ይደርሳል። ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ዓይነ ስውሩ መሪጌታ፣ ሁሉም ካርዱን ይዞ ቆሟል። አያ ስማቸው የአክስቴን ካርድ በእጄ አስያዙኝ፣ «አንተም የሰፈሩ ልጅ ነህ፤ ተሰለፍ» አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ሰልፉን ሲያይ ደስ አለው። «ሕዝቡ ሱቁን እንዴት እንደተቀበለው ተመልከቱ!» እያለ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰ። እየተራመደ ሳለ ከመሐል አንዲት ሴት ዘንድ ሲደርስ ቆመ። እናቱ ናት። ካርዷንና ባዶ ከረጢቷን ይዛለች።

«እማዬ፣ ቤት ጤፍ አለሽ እኮ» አላት።

«ለቤት አይደለም» አለችው፤ ፊቷን ግን አላዞረችለትም።

ያኔ ገባው። ጭነት ማውረጃ ያደገ ልጅ የሚሆነውን አይስተውም። ሰልፉን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ሊያስቆም ቢፈልግ ምን ብሎ ያስቆማል? በካርዱ የሸመተ ሰው ምን ጥፋት አለበት? ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። እስክንጨርስ አልወጣም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሻጩ ከአንዱ ጆንያ ሰፈረልኝ። ጆንያው የተፈታው በቢላ ተቆርጦ ነው፤ የገመዱ ቁራጭ እታች ወድቋል። ከአክስቴ ቤት የተዘረፈውን ጤፍ በአክስቴ ካርድ፣ በአክስቴ ቤት ውስጥ ገዛሁት። ገንዘቡን ሰጥቼ ከረጢቱን ሳላነሳ ልወጣ ስል ሻጩ ያመመኝ መስሎት «ጠበል ጠጣ» አለኝ።

በአያ ስማቸው ጓዳ ሁሉም ያመጣውን ሲያፈስ ሁለት ጆንያ ሞላ፣ ሦስተኛው ከግማሽ በታች ቀረ። የቀረውን የከተማው ሌላ ሰፈር በልቶታል። በገበያው ቀን ሴትዮዋ መጣች። ጤፉን ዘግና በጣቶቿ መካከል አሳለፈችው።

«የኛው ነው» አለች።

አክስቴ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ «ሦስተኛው ጎደለብኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። ቤታቸውን የተነጠቁት እሳቸው፣ ይቅርታ የሚጠይቁትም እሳቸው! ልጮህ ነበር። ሴትዮዋ ግን እግራቸው ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ተነስታ የጆንያዎቹን አፍ በራሷ እጅ አሰረች። እስከ ሐምሌ ዘር ጥቂት ጥቂቱን፣ በየገበያው ቀን፣ ከዘንቢሏ ሥር አድርጋ ወሰደችው።

ወደ አዲስ አበባ

ስሰናበት አያ ስማቸውን ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምን አጠፋህ፣ ቁጣህ ለትብለጥ ነበር» አሉኝ። የአክስቴን ቤት ሳልፍ ግድግዳውን ቀይ እየቀቡት ነበር። አልቆምኩም።

የመልሱን መንገድ ብዙ አላየሁትም፤ ደጀንም ዓባይም እንደ ሕልም አለፉ። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል። ሦስት ጆንያ ጤፍ የአንዲት ሴት ቤት ዋጋ አይደለም፤ ዛሬም አይደለም እላለሁ። አክስቴ ያን ጓዳ ሳይለቁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ፤ በዚያም እናደዳለሁ። ግን ደሳሳና ፋንድያ የሚሸት የተባለው ሰፈር አንድ ነገር ጠብቆ ኖሯል፤ ወንበዴው መልኩን ቀይሮ፣ ማኅተም ይዞ ሲመጣ እንኳ አልሳተውም። ወንበዴ ስም ሲጠይቅ አይነገረውም። ጉዞዬ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

አዲስ አበባ ስገባ የይለፍ ወረቀቴን ልመልስ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው፣ «አክስትህ ተሻላቸው? እዚያ ምን አየህ? ማንን አገኘህ?» አለኝ።

«የኅብረት ሱቅ ሰልፍ አየሁ። ማንንም አላገኘሁም።»

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አንድ ወዳጄ አነበበውና ጠየቀኝ። የአክስትህን ስም ጽፈሃል፣ የሽማግሌውንም ጽፈሃል፤ የሴትዮዋስ? ከየትኛውስ አገር ነበረች? ደርግ ወድቋል፣ ጊዜው አልፏል፣ አሁን ምን ያስፈራል? አለኝ።

ስሟን አውቀዋለሁ። አገሯንም አውቀዋለሁ። አደራው ግን የአክስቴ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ንገር ሳይሉኝ ነው የሞቱት።